ግዴለም የተባለ ውሻ

አንድ ሰው በአደራ ሰጥቷት የሄደውን ውሻ ስምንት ዓመት ሙሉ አብልታ፣ አጥባ፣ ሲያመው ደግፋ ያኖረች ሴት «ውሻው የማን ነው?» ተብላ ብትጠየቅ ምን ብላ ትመልስ? አብረኸት በዚያ የሐምሌ ሰኞ ጠዋት፣ ካኒሌ በሚሉት የከተማው የውሻ ማቆያ መስኮት ላይ ቆማ ይኸው ጥያቄ ቀረበላት። መልሱን አታውቀውም ነበር።

ነገሩ የተበላሸው ከአንድ ቀን በፊት፣ እሑድ ነው። አብረኸት ሮማ፣ ቶር ፒኛታራ በሚባለው ሰፈር ከእትዬ ጣይቱ ጋር ቤት ተጋርታ ትኖራለች። እትዬ ጣይቱ ሠላሳ ዓመት የሮማን ቤቶች ሲወለውሉ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ጉልበታቸው ቢደክምም ምላሳቸው ያልደከመ ሴት ናቸው። ውሻው በረንዳ ላይ እንዲኖር ፈቅደዋል። ከበረንዳው በር ወዲህ ግን ሥዕል የተሰቀለበት ቤት ነውና አንድ እግሩም እንዲያልፍ አይፈልጉም። በዚያ እሑድ ደግሞ የማኅበሩ ተረኛ እሳቸው ነበሩ።

«ዛሬስ ከበረንዳውም ይነሣልኝ» አሉ፣ ገና ጎህ ሳይቀድ ዳቦውን ከምድጃ እያወጡ። «ውሻ በመስታወት እያየን ጽዋ አንጠጣም።»

«እትዬ፣ ታዲያ የት ላድርሰው?»

«ልቀቂው፣ ይዙር። ሲርበው ይመጣል።»

«እዚህ አገር አይዞርም እኮ። ይወስዱታል።»

«እንግዲያው ይዘሽው ሂጂ። ቅዳሴ የሚገባው አንቺ ነሽ፣ እሱ ውጭ ይጠብቅሽ።»

ይዛው ሄደች። አበሾቹ የሚቀድሱበት ቤተ ክርስቲያን ከካቶሊኮች በትውስት የተገኘ አሮጌ ሕንፃ ነው፤ የትውስትም ቢሆን ታቦት ስለገባበት ውሻ ደጁን አያልፍም። አብረኸት ከአጥሩ ማዶ፣ ትልቅ ዛፍ ጥላ ሥር፣ ገመዱን አርዝማ ከአጥሩ ብረት ላይ አሰረችው። «ተኛ፣ መጣሁ» አለችውና ነጠላዋን አጣፍታ ገባች። አገር ቤት የታሰረ ውሻ ባለቤት አለው ማለት ነው፤ ማንም አይነካውም፤ የሚያሳዝነው ያልታሰረው ነው። ሮማ ውስጥ ግን ውሻ የሚጥል ሰው የሚጥለው አስሮ ነው፤ ይልቁንም በበጋ፣ ከተማው ሁሉ ወደ ባሕር ሲወርድ። አብረኸት ይህን ሳታውቀው ቀርታ አይደለም። ሃያ ዓመት የኖረችበት ከተማ ነው። ግን ነጠላ ለብሳ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ስትደርስ የምታስበው እንደ ሮማ ሰው አልነበረም።

ቅዳሴው አልቆ፣ ትምህርት ተሰጥቶ፣ ማስታወቂያ ተነግሮ ስትወጣ ቀትር ሊሆን ምንም አልቀረው። ጥላው ከዛፉ ሥር ሸሽቶ ወደ መንገዱ ሄዷል። ውሻው የለም። በቦታው ማን እንዳኖረው የማይታወቅ የአይስክሬም ሳጥን ውኃ ተሞልቶ ተቀምጧል። ብረቱ ላይ የቀረው ገመድ ጫፉ በቢላ ተቆርጧል።

ማዶ ያለው የቡና ቤት ባለቤት ወንበሮቹን እየደረደረ አያት።

«ውሻውን ነው? ወሰዱት» አለ። «ሦስት ሴቶች ናቸው የደወሉት። በዚህ ሙቀት! ለመሆኑ ምን ዓይነት አውሬ ነው ከጠዋት ጀምሮ አስሮት የሚሄድ?»

«እኔ ነኝ» አላለችም። «ልክ ነህ» ብላው ሄደች።

እንግዲህ ሰኞ ሁለት አውቶቡስ ቀያይራ ከከተማው ጫፍ ደረሰች። ካኒሌውን ዓይን ሳያየው ጆሮ ነው የሚሰማው። አንዱ ሲጀምር ሌላው ይቀበለዋል፤ ጩኸቱ ከሽቦ ወደ ሽቦ ዞሮ ሲያበቃ እንደገና ከመጀመሪያው ይነሣል። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ሴሬና ትባላለች። የጎማ ቦት ጫማ አድርጋ፣ ጸጉሯን በእስክሪብቶ ጠቅልላ ነበር። ትናንት የገባውን ውሻ መዝገብ አወጣች።

«አሎራ» አለች፤ «እንግዲህ» ማለቷ ነው። «አንገቱ ቆዳ ሥር የባለቤት ስም የያዘ ቺፕ አለ። ባለቤቱ ዮሴፍ ገብረንጉስ። ባልሽ ነው?»

አብረኸት የመስኮቱን ጠርዝ ያዘች። ይህን ስም ሰው ጮክ ብሎ ሲጠራው ከሰማች ስድስት ዓመት ሆኗታል። እሷ ራሷ በልቧ እንጂ በአፏ ካወጣችው ቆይታለች። አሁን አንዲት የማታውቃት ልጅ ከውሻ አንገት ሥር አንብባ አወጣችላት።

«ባሌ አይደለም።»

«እና ውሻው የማን ነው?»

ይህች ናት ጥያቄዋ።

ዮሴፍ፣ እሷ ዮሲ የምትለው፣ የደሴ ልጅ ነው። አብረኸት ያወቀችው ያኔ ሲኞራ ብሩና የሚባሉ አሮጊት ቤት እያደረች ስትሠራ፣ ዕረፍቷ ሐሙስ ከሰዓትና እሑድ ብቻ በነበረበት ጊዜ ነው። እሱ ፖንቴ ማሞሎ፣ ከሜትሮው ጀርባ፣ ስደተኞች በጣውላና በቆርቆሮ በሠሩት ሰፈር ውስጥ አንዲት ክፍል ነበረችው። ሐሙስ ከሰዓት እዚያ መሄድ ለእሷ አገሯ እንደመግባት ነበር። አንድ ሐሙስ ስትመጣ አንዲት ነጭ ውሻ ከአልጋው ሥር ወልዳ አገኘች። ዮሲ ከቡችሎቹ አንዱን፣ ቡኒ ሆኖ ደረቱ ነጭ የሆነውን፣ ለራሱ አስቀረ።

ጎረቤቶቹ አላገጡበት። «ለራስህ የምትበላው ሳይኖርህ ውሻ ታሳድጋለህ?» አሉት። እነዮሲ አገር ሰው ለውሻው ስም ሲያወጣ ለጎረቤቱ መልስ እየሰጠ ነው። ስለዚህ ውሻውን «ግዴለም» አለው። ከዚያ ወዲያ በሩ ላይ ቆሞ «ግዴለም! ግዴለም!» እያለ በተጣራ ቁጥር ያላገጡበት ሁሉ ይሰሙ ነበር።

አንድ ቀን የእንስሳት ሐኪሞች በመኪና መጥተው የሰፈሩን ውሾች በነፃ ቺፕ አደረጉላቸው። ዮሲ ወረቀቱን ከፍ አድርጎ ለአብረኸት አሳያት።

«አየሽ? እኔ የመኖሪያ ፈቃዴን፣ ፔርሜሶዬን ስጠብቅ ሁለት ዓመቴ፤ ውሻዬ በአምስት ደቂቃ ተመዘገበ።»

«አንተንም አንገትህ ላይ ይውጉህ እንጂ» አለችው።

በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ አሥራ አምስት ሰፈሩን አፈረሱት። ሰው ዕቃውን ለማውጣት ጥቂት ጊዜ ተሰጠው፤ ውሾቹን የጠየቃቸው የለም። የማሽኑ ድምፅ ሲቆም ተመልሰው መጡና እያንዳንዱ የጌታው በር የነበረበትን ፍርስራሽ ፈልጎ ተኛ። ሥራ በሚለቀቅበት ሰዓት ግን ተነሥተው ወደ ሜትሮው መውጫ ይሄዳሉ፤ ከደረጃው የሚወጣውን ሰው ፊት ፊቱን ያያሉ። ዮሲ መጠለያ ካገኘ በኋላም ሐሙስ ሐሙስ ዳቦ ይዞ ይሄድ ነበር፤ አብረኸትም አብራው። ግዴለምን ጃኬቱ ውስጥ ከትቶ፣ አንገቱን ብቻ አውጥቶለት። በየሳምንቱ አንድ ሁለት እያሉ ጎደሉ። መኪና የገጨው አለ፣ በመረብ ተይዞ የሄደ አለ፣ ዝም ብሎ የጠፋም አለ። መጨረሻ ላይ ያቺ ነጭ ውሻ ብቻዋን ደረጃው ራስ ላይ ተቀምጣ አገኟት። ዮሲ ዳቦውን አጠገቧ አኖረና «ከዚህ በኋላ አልመጣም» አለ። «የምትጠብቀው ሰው እኔ እየመሰልኳት ነው የምታየኝ።»

ከዚያ ፒያሳ ኢንዲፔንዴንሳ አደባባይ ያለው፣ ስደተኞች ያለ ፈቃድ የያዙት ትልቅ ባዶ ሕንፃ ውስጥ ከሌሎች ጋር ገባ። ሁለት ዓመት ቆይቶ ከዚያም አስወጧቸው። በዚያው ሳምንት ሐሙስ ሲኞራ ብሩና በር ላይ መጥቶ ደወለ። በአንድ እጁ ቦርሳ፣ በአንድ እጁ ገመድ።

«ወደ ሰሜን ልሄድ ነው። ቤት እስካገኝ ነው፣ ከዚያ ሁለታችሁንም እወስዳለሁ» አላት። ገመዱን መዳፏ ላይ አስቀምጦ ጣቶቿን በራሱ ጣቶች አጠፋቸው። «አደራሽን።»

ሁለት ዓመት ያህል ድምፁን በስልክ ይልክላት ነበር፤ መጨረሻ ላይ ሁልጊዜ «ግዴለምን ስጪኝ» ይላል፤ ስልኩን ለውሻው ጆሮ ታስጠጋለች። ከዚያ ተወ። ለምን እንደተወ አልጠየቀችም። ካልጠየቀችው እምቢ ሊላት አይችልም። ሲኞራ ብሩና ሞቱ፣ ቤቱ ተሸጠ፣ እሷ በሰዓት ወደሚከፈል ሥራ ገባች፣ ውሻው አፉ ዙሪያ ሸበተ። ቁጥሩ ስልኳ ውስጥ እንዳለ ነው።

«እስኪመጣ ጠብቂልኝ ብሎ ሰጥቶኝ ሄደ» አለቻት ሴሬናን።

«መቼ ነው የሚመጣው?»

«ከሄደ ስምንት ዓመቱ ነው።»

ሴሬና እስክሪብቶውን ከጸጉሯ አወጣች፤ ምንም ግን አልጻፈችበትም። ቀስ ብላ አስረዳቻት። ውሻው የተመዘገበው በእሱ ስም ስለሆነ ደብዳቤ ይላካል፤ ሁለት ወር ይጠበቃል፤ ካልመጣ ያን ጊዜ መውሰድ ትችላለች። አድራሻው የትኛው እንደሆነ አብረኸት ጠየቀች። ሴሬና አነበበችላት፤ ፖንቴ ማሞሎ። ከፈረሰ አሥር ዓመት ወደሆነው ሰፈር የሚሄድ ደብዳቤ።

«ሁለት ወር ይቆያል?»

«ነይ እይው» አለች ሴሬና።

ሰው በሽቦዎቹ መካከል ሲያልፍ ውሾቹ ሁሉ ዘለው ይመጣሉ። ለአደን ተይዘው አልረባ ስላሉ የተጣሉ ጆሮ ረጃጅሞች አሉ፤ ጠባቂ እንዲሆን ተገዝቶ ካሰቡት በላይ ስላደገ የተጣለ አለ። ብዙ ዓመት የቆዩት ግን አይነሡም፤ ዓይናቸውን ብቻ ገልጠው ይከድናሉ። ግዴለም በአንድ ቀን ከእነሱ አንዱን መስሎ ጀርባውን ሰጥቶ ተኝቶ ነበር። ስሙን ስትጠራው ጅራቱ ሲሚንቶውን አንድ ጊዜ መታ፤ ራሱን ግን አላነሣም። ሳህኑ እንደሞላ ነው።

«ልቡ ደክሟል ብሏል ሐኪሙ» አለች ሴሬና። «እንዲህ ካልበላ ሁለት ወር ቀርቶ ሁለት ሳምንትም እንጃ።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «አጭር መንገድ አለ። አብራው የኖረች ሰው ፈርማ የምትወስድበት ቅጽ ነው። ሳጥኖቹ ግን ሁለት ናቸው። አንዱ 'ባለቤቱ ሞቷል'፣ አንዱ 'ባለቤቱ ጥሎት ሄዷል' ይላል።»

«አልሞተም። አልጣለውምም።»

«ሞቷል በይ። ማንም ሄዶ መቃብር አይፈልግም። ጥሎት ሄደ ካልሽ ውሻ መጣል ወንጀል ነው፤ ስሙ ይጻፋል። ግን ያንቺ ጉዳይ ነው። ሐሙስ ነይ፣ እኔ ነኝ ያለሁት።»

አብረኸት ቅጹን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። አደራ የሚል ሳጥን አልነበረበትም።

ማክሰኞ ቀሲስ ተክለጻድቅ እትዬ ጣይቱን ሊጠይቁ መጡ። ቀሲስ ከሳምንቱ አምስቱን ቀን በአንድ መጋዘን ካርቶን የሚያነሡ፣ እሑድ የሚቀድሱ፣ ወገባቸውን የሚያማቸው ሰው ናቸው። ከማኅበሩ የተረፈ ዳቦ ቀረበላቸው።

«አባቴ፣ ይቺ ልጅ በውሻ ነገር ምክር ትፈልጋለች» አሉ እትዬ ጣይቱ። «እንዳይስቁባት አስቀድሜ ልንገርዎ ብዬ ነው።»

«ለውሻ ነው ለሰው?»

«ለሰው ነው» አሉ እትዬ ጣይቱ፣ አብረኸት ሳትመልስ። «በውሻው አሳብባ ነው እንጂ።»

አብረኸት ሁሉንም ነገረቻቸው። ቀሲስ ቅጹን ተቀብለው መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት።

«ሰውየው በሕይወት አለ?»

«አላውቅም አባቴ።»

«ካላወቅሽ ሞቷል ብለሽ አትፈርሚ። ለቆመ ሰው ፍትሐት አይደረግም።»

«ጥሎት ሄደ ብዬስ?»

ቀሲስ ዳቦውን ቆረሱ። «ጥሎት ሄዷል?» አሏት።

አብረኸት የዳቦውን ሳህን ወደ ቀሲስ አስጠጋች።

«አየሽ፣ ልጄ፣ ይህን እኔ ልመልሰው አልችልም። አደራ የሰጠሽ ሰው አለ፣ ስልክ አለሽ። ጠይቂው። ከመለሰ የሚልሽን ታደርጊያለሽ።»

«ባይመልስስ?»

«ያን ጊዜ ውሻው ከሚሞት መፈረም ነው። እግዜር ከቅጹ ጀርባ ያለውንም ያነባል።»

«ስድስት ዓመት ለአንቺ ያልተገኘ ሰው ለውሻ ይገኛል?» አሉ እትዬ ጣይቱ። ቃሉ ከአፋቸው ከወጣ በኋላ ራሳቸውንም ቆጫቸው መሰል፣ የዳቦውን ፍርፋሪ በእጃቸው ይጠርጉ ጀመር። «እኔ እኮ ውሻ ቤት አይግባ አልኩ እንጂ እስር ቤት ይግባ አላልኩም። ብቻ ይምጣ። በረንዳው የሱ ነው።»

አብረኸት ረቡዕ ቀኑን ሙሉ በምታጸዳቸው ቤቶች ሁሉ መልእክቱን በልቧ ስትጽፍ ዋለች። አንዱ ቤት «ደህና ነህ ወይ?» ብላ ጀመረች፤ ተወችው፤ ሰላምታው ልቡን ለማባባት የቀረበ መሰላት። ሌላው ቤት ደረጃ ስታጥብ የስምንት ዓመቱን ሁሉ አወራችው፣ የሲኞራ ብሩናን ቀብር፣ የውሻውን መሸበት፣ ሐሙስ በመጣ ቁጥር እግሯ ራሱ ወደ ሜትሮው ሊወስዳት የሚዳዳበትን። ከሰዓት በኋላ ባልዲዋን ደፍታ፣ ደረጃው ላይ ተቀምጣ በመጨረሻ የጻፈችው ይህን ብቻ ነው።

«ዮሲ፣ አብረኸት ነኝ። ግዴለምን ከተማው ይዞታል፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ለማስወጣት ወይ ሞተሃል ወይ ጥለኸዋል ብዬ መፈረም አለብኝ። ሁለቱንም ማለት አልፈልግም። እስከ ነገ ቀትር እጠብቅሃለሁ።»

ላከችው። አንድ ምልክት መጣ፣ ቀጥሎ መድረሱን የሚነግረው ሁለተኛው። እንግዲህ ስልኩ አንድ ቦታ አለ። በአንድ ኪስ ውስጥ፣ በአንድ ጠረጴዛ ላይ፣ አንድ ከተማ ውስጥ ተንቀጥቅጧል። ምልክቶቹ ቀለማቸው ሳይለወጥ፣ መልእክቱ ሳይነበብ፣ ረቡዕ አለፈ።

ሐሙስ በሦስት ሰዓት ካኒሌው ደረሰች። ሴሬና እስክሪብቶውን አቀረበችላት፤ አብረኸት ቅጹን ከቦርሳዋ አውጥታ ስልኩን አጠገቡ አስቀመጠችው።

«ቀትር እስኪሆን ብጠብቅ ይከፋሻል?»

«እኔ ምን ቸገረኝ» አለች ሴሬና። «ወንበሩ ያንቺ ነው።»

ጠበቀች። በመካከሉ አንድ ቤተሰብ አንድ የዓመት ውሻ ይዞ መጣ፤ አባትየው ወደ ሰርዴኛ ለዕረፍት እንደሚሄዱና አፓርታማው ውሻ እንደማይቀበል አስረዳ። እናትየው መኪናው ውስጥ ቀርታ ነበር። ውሻው ጅራቱን እየቆላ ገባ፤ ሰውየው ሲወጣ ተከትሎት ሊወጣ ብሎ በሩ አፍንጫው ላይ ተዘጋ። ሴሬና ውሻውን በአንገት ማሰሪያው ይዛ ወሰደችው፣ ተመልሳ መጥታ እጇን ታጠበች። ሰዓቱ ስድስት ሆነ። አሥር ደቂቃ አለፈው።

«ስልኩ የተበላሸ እንደሆነስ?» አለች አብረኸት።

«ሊሆን ይችላል» አለች ሴሬና፣ በደግነት።

አብረኸት እስክሪብቶውን አነሣች። የሞት ሳጥኑ ወደ ላይ ነበር፣ ቀላሉ እሱ ነው፤ ማንንም አይከስም፣ ለቅሶ ተቀምጦ መነሣትም ይቻላል። እጇ ከሱ በላይ ትንሽ ቆየ። ከዚያ ወርዳ፣ «ጥሎት ሄዷል» የሚለው ላይ ምልክት አደረገች። ስሟን ጻፈች። ከሥሩ ባዶ መስመር ስለነበረ በጣሊያንኛ «በዚያን ጊዜ የሚያድርበት ቤት አልነበረውም» ብላ ጨመረችበት። ሴሬና አንብባ ማኅተሙን መታች።

ግዴለም በሩ ሲከፈትለት አልሮጠም። እየተንገዳገደ መጥቶ ግንባሩን ጉልበቷ ላይ አስደገፈና እንደዚያው ቆመ። ክብደቱ ቀንሷል። ዳቦ በውኃ አርሳ ከመዳፏ ሰጠችው፤ አሽትቶ፣ አስቦ፣ በላ። ከዚያም እንደገና በላ።

ፌርማታው ላይ ጥላ ያለው ከማስታወቂያ ሰሌዳው ጀርባ ብቻ ነው፤ ሁለቱም እዚያ ተጠጉ። አውቶቡሱ ሃያ ደቂቃ ይቀረዋል። አብረኸት ስልኳን አወጣች። በዚህ ጊዜ ቃላት አልመረጠችም፣ አልሰረዘችም፤ ጣቷ እንደመጣላት ጻፈች።

«ዮሲ፣ ፈረምኩ። ጥሎት ሄደ ብዬ ነው የፈረምኩት። ሌላኛውን ማለት ስላቃተኝ ነው። ከእንግዲህ አንተም ቃል የለብህም፣ እኔም አደራ የለብኝም። ግን ሐሙስ ነው ዛሬ፣ ከሰዓት በኋላ ሥራ የለኝም። የት እንዳለህ ብቻ ንገረኝ። ሰው ካለህም ንገረኝ፣ አልቆጣም።»

ላከችው። ሁለቱ ምልክቶች ወዲያው መጡ። አውቶቡሱም መጣ፤ ሹፌሩ ውሻውን አይቶ በእጁ ግቢ አላት። እስክትደርስ ስልኩን በእጇ እንደያዘች ነበር። መልስ አልመጣም፤ በዚያ ቀንም፣ ከዚያም ወዲህ።